ዳማው በባዶ ኮርቻ የዞረ ቀን

ሳይከራከር የሚገዛ ሰው አልወድም። ወላይታ ሶዶ ገበያ ዳር የፈረስ ዕቃ ስሸጥ የኖርኩ ነኝ፤ ልጓም፣ ጅራፍ፣ ኮርቻ፣ የጋሪ ገመድ፣ አልፎ አልፎም ለባለ ፈረሱ ለራሱ የሚሆን የፕላስቲክ ጫማ። በዚህ ሥራ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ዋጋ ሲነገረው "እሺ" ብሎ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው፣ ወይ የያዘው የሰው ገንዘብ ነው፣ ወይ የመጣው ለዕቃው አይደለም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ፀጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ፣ ሸራ ጫማ አድርጋ ገባች። ቀይ ዘርፍ ያለው ልጓም አነሳች። የመንግሥት መኪና ለሚነዱ ሰዎች የምጠራውን ዋጋ ጠራሁላት። "እሺ" አለች። የጠረጠርኩት ያኔ ነው።

"ሌላስ ምን ልስጥሽ፣ እህቴ?"

"ፈረስ" አለች።

"ፈረስ አልሸጥም።"

"መግዛት አይደለም። ለጥቂት ቀናት ነው። ረጋ ያለ፣ ሰው ሲጠጋው የማይደነግጥ።"

"ለጋሪ ነው?"

"ለዳንስ።"

በሩ ላይ፣ በእኔው በርጩማ፣ አንድ ባለጋሪ ተቀምጦ ነበር። ባጃጅ ከተማዋን መውረር ከጀመረ ወዲህ ከጋሪው ይልቅ የኔ በርጩማ ላይ ነው ውሎው። ሁለት ግራጫ ፈረሶች አሉት፤ እነሱም እንደሱ ሥራ ፈትተው ግድግዳዬን ይልሳሉ። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት።

"የሚደንሰው ማነው፣ ፈረሱ ነው ሰዎቹ?" አላት።

"አብረው ነው። ፈረሱን ማንም አያዘውም። እሱ ሲሄድ እንሄዳለን፣ ሲቆም እንቆማለን።"

"እንዲህ ከሆነማ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስደንስ ነው የኖርኩት" አለ ባለጋሪው።

ሳቀችና አስረዳችን። ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው፣ አራት ወጣት ተወዛዋዦች ይዛ። የሚሠሩት ኮንቴምፖራሪ ዳንስ ይባላል። ባለፈው ዓመት ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ መጥታ የኛን ፈረሶች አይታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዓይኗ አልጠፉ ብለው ተመልሳ መጣች። የኳስ ሜዳውን ፈቅደውላታል። የሚገባው ሰው ሁሉ በነጻ ነው የሚገባው።

"ወገብ ይነቀነቃል?" አለ ባለጋሪው።

"ብዙም አይደለም።"

"ወላይታ መጥተሽ፣ ወገብ ሳይነቀነቅ?" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ግን ሐሳቤ "በነጻ" የምትለዋ ላይ ነበር። መሳቢያዬን ዘጋሁና ቆለፍኩ።

በዚያ ዘመን መጠርጠር የሁሉም ሰው ሥራ ነበር። ሠፈራችን አንድ ለአምስት ተደራጅቶ እርስ በርሱ ሲተያይ ይውላል፤ ማን ከማን ጋር ቆሞ አወራ፣ ማን ስብሰባ ቀረ። የኛ አምስት ጠርናፊ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጠው ጎረቤቴ ነበር። ሴትየዋ ገና ሳትርቅ ደረሰ።

"ሴትዮዋ ምን አለች?"

"ስለ ፈረስ ነው።"

"ስለ ፈረስ ምን?"

"እሱ ሲቆም እንቆማለን አለች።"

"መቆም" የሚለውን ቃል አልወደደውም። በየግድግዳው የተለጠፈው ሁሉ ወደፊት የሚል ነበርና የቆመ ነገር ያስጠይቃል። "ተከታተል" አለኝና ሄደ። ሳይለኝም ቢሆን አልተዋትም ነበር።

"የፈረስ ሌቦች ናቸው" አልኩት ባለጋሪውን።

"ሸራ ጫማ ያደረገ የፈረስ ሌባ አይቼ አላውቅም።"

"እንግዲያው ድህነታችንን ቀርጸው ሊሸጡት ነው።"

"ካሜራ እኮ አልያዘችም።"

"አለመያዟ ነው የሚያጠራጥረው።"

በማግሥቱ ከነተወዛዋዦቿ መጣችና የባለጋሪውን ፈረሶች አየች። ግራጫዎቹ ይቆማሉ፤ ዓይናቸው በቆዳ ተጋርዶ ዓመታት ስለሠሩ፣ መጋረጃው ሲነሳላቸውም መሬት መሬት ነው የሚያዩት። አንገታቸውን ዳበሰች። "እነዚህ ይሆኑኛል" አለች፤ "ግን ሰው የሚያይ አንድ ፈረስ ያስፈልገኛል።"

እንደዚህ ያለ ፈረስ አንድ ብቻ አውቃለሁ። አልተነፈስኩም።

"ሰው የሚያይ ከሆነማ የዚህ ሰውዬ አባት ጋ አለ" አለ ባለጋሪው። "ማየት ብቻ አይደለም፣ ይንቃል።"

እግሩን ረገጥኩት። ምንም አላስቀረም።

አባቴ የሚኖረው ከገሱባ እልፍ ብሎ ነው። በፒካፕ ሄድን፤ እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ፣ ሁሉንም እያየሁ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ሆድና ጉበትን ቦታ ያለዋውጣል። ተወዛዋዦቹ በየጉድጓዱ ይስቃሉ። በዚያ መንገድ ላይ የሚስቅ ሰው ስለማላውቅ ይህንንም ያዝኩባቸው።

አባቴ በወጣትነቱ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር። ከወደቀና ዳሌው ከተጎዳ ወዲህ ፈረስ ላይ አልወጣም፤ ደረቱም ያስለዋል። ዳማው ፈረሱ ግን እንደ ድሮው በጎጆው ውስጥ፣ ከግርግዳው ወዲያ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት አባቴ እጁን ጋማው ላይ አድርጎ ከእንሰቱ ሥር እስከ መንገዱ ይሄዳሉ፤ ማን ማንን እንደሚመራ አይታወቅም። ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው። በወረዳችን በኦፋ ያንን ቦቃ የማያውቅ ገበያተኛ የለም።

አባቴ ከዚያ ፈረስ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ስም ያለው ፈረሰኛ ሲሞት ለቅሶው ደጅ ላይ አያበቃም፤ ዱቡሻ ወደሚባለው መስክ ይወጣል። የሟቹ ፈረስ ይጫናል። ሰው አይቀመጥበትም። ሟቹ ይለብሰው የነበረው ቡልኮ ኮርቻው ላይ ተደርጎ መስኩን ይዞራል። ጓደኞቹ ጦር ወይም ዱላ ይዘው ከፊቱ እየሮጡ፣ እየተመለሱ፣ ስሙን እየጠሩ ያለቅሳሉ። የሰው ቡልኮ በባዶ ኮርቻ ሲሄድ ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ፈረሱን ያይና ያውቃል።

ወንጌል ከገባ ወዲህ ይህ በየቦታው ቀርቷል። አባቴም አማኝ ነው፤ ጸሎት ቤት ቀርቶ አያውቅም። ግን ነገሩ ከውስጡ አልወጣለትም። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ደግሞ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ አብረው ጋልበዋል፣ አብረው ወድቀዋል። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት አባቴ ጠየቀው።

"ስሞት ዳማው ይዞራል?"

"ጌታን ያወቀ ሰው በመዝሙር ነው የሚቀበር" አለ ሽማግሌው።

"እሺ፣ ዳማው ይቅር። አንተስ ትሮጥልኛለህ?"

"እጸልይልሃለሁ።"

"መጸለዩንማ አሁንም ትጸልያለህ። የጠየቅኩህ መሮጡን ነው።"

"አልሮጥም፣ ወንድሜ። ሰው ምን ይለኛል?"

አባቴ ልጆቹን "እንዲህ አድርጉልኝ" ብሎ ከጸሎት ቤት ጋር አላጣላንም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲዘምሩ በመሃላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ይተዉ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ፈረስህን ለዳንስ ስጠን ሊባል የነበረው። አስተርጓሚው እኔ ስለነበርኩ አልተጨነቅኩም። ሴትየዋ ረጅም ንግግር አደረገች፤ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ሰውና እንስሳ። እኔም ለአባቴ በወላይትኛ፣ "እነዚህ ሰዎች ፈረስህን ከተማ ወስደው በሰው ፊት ሊያዘልሉት ነው" አልኩት።

ከተወዛዋዦቹ አንዷ፣ ቀጭኗ፣ ሹራቧን እያስተካከለች በጠራ ወላይትኛ፣ "አባባ፣ እሱ እንዳለው አይደለም" አለች። ለካ የእዚሁ የወላይታ፣ የአረካ ልጅ ናት። መንገዱን ሙሉ እኔና ሹፌሩ በወላይትኛ ስናማቸው ዝም ብላ ነበር።

አባቴ ተመለከተኝና በርጩማውን ወደ ልጅቷ አዞረ። ከዚያ በኋላ ያስተረጎመችው እሷ ናት።

"ሰው ይቀመጥበታል?" ብሎ ጠየቀ።

"አይቀመጥም፣ አባባ።"

"ይመቱታል?"

"ማንም አይነካውም። የፈለገው ቦታ ይሄዳል።"

"ባዶውን?"

"ባዶውን።"

"ሰው ያያል?"

"ከተማው በሙሉ ተጠርቷል።"

አባቴ ዳማውን አየው። እምቢ እስኪል እየጠበቅኩ ነበር።

"መቼ ነው?"

"እሁድ ከሰዓት" አለች ሴትየዋ።

"እሁድ አይሆንም። ቅዳሜ አድርጉት።"

ከእሁድ በቀር የቀን ስም የማይገደው ሰው ነው። ለምን ቅዳሜ አልኩት። "ቅዳሜ ጥሩ ቀን ነው" አለኝና ሣር እንዳጭድ ላከኝ። ሽማግሌው በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ሶዶ ለስብሰባ እንደሚወጣ አውቅ ነበር፤ ግን ዓይኔ እንግዶቹ ላይ ስለነበር ይህን ከዚያ ጋር አላያያዝኩትም።

ሣሩን ይዤ ስመለስ ሦስቱ፣ አባቴና ሴትየዋ ልጅቷም፣ ደጅ ላይ ነበሩ። አባቴ በከዘራው መሬት ላይ ክብ ይሠራል፣ ያችን እግሩን እየጎተተ ጥቂት ይራመዳል፣ ቆሞ ይመለሳል። ሲያዩኝ ዝም አሉ።

"ምን እያልክ ነው?"

"ስለ ፈረሱ ጠባይ እየነገርኳቸው ነው።"

የፈረስ ጠባይ በክብ ሲነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አባቴና ዳማው እኔ ቤት ሰነበቱ። ልምምዱ ወደ ዱቦ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የግጦሽ መስክ ላይ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ከሆነ ሰው አያስቆማቸውም። ሱቄን ለባለጋሪው ትቼ ባህር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ዳማው ከጠፋ አባቴ አብሮት እንደሚጠፋ ስለማውቅ ነው እንጂ፣ ሱቄን ለባለጋሪ የምተው ሰው አይደለሁም።

መጀመሪያ ቀን ምንም አልሠሩም። ቆሙ። ፈረሶቹ ይግጣሉ፣ እነሱ በመሃል ይቆማሉ። ፀሐይ ሲበረታ ወደ ጥላ ሄዱ፤ ያኔም ቆሙ። ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ የመጣችሁት ልል ምንም አልቀረኝም። አባቴ ከጎኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከዳማው ዓይኑን ሳይነቅል ያያል።

በማግሥቱ የአረካዋ ልጅ ሣሩ ላይ በደረቷ ተኛች። ዳማው መጋጡን ተወ። ቀስ ብሎ መጣና አፍንጫውን ወደ ጀርባዋ አቀረበ፤ ሲተነፍስባት ሹራቧ እፍ እንደተባለ ነገር ከፍ አለ። ልጅቷ ከትንፋሹ ጋር ተነሳች፤ መጀመሪያ ጀርባዋ፣ ቀጥሎ አንገቷ፣ እጇ በመጨረሻ። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል እሷ ወደ ፊት፣ እሱ ሲዞር እሷም። ገመድ የለ፣ ፉጨት የለ። ግራጫዎቹ እንኳን፣ እነዚያ መሬት መሬት የሚያዩት፣ ቀና ብለው አዩ።

ስኳር ነው አልኩ። ለዕረፍት ሲቀመጡ ጠጋ አልኳት።

"እህቴ፣ ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?"

"ቁልፍ።"

"ስኳር የለም?"

ኪሷን ገልብጣ አሳየችኝ። ቁልፍ ነው። "ይሄን ፈልገህ ነው እንዴ ሁለት ቀን እዚያ ዛፍ ሥር የተቀመጥከው፣ ጋሼ?" አለች። ጓደኞቿ ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው አባቴ ነው፤ እስኪያስለው።

"ልጓም ስትሸጥ ኖረህ ፈረስ አይተህ አታውቅም" አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የዳሞታ ተራራ ጫፉ ላይ ትንሽ ደመና ይዞ፣ ከተማው ግን ጠራርጎለት ነበር። ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞላው፤ ተማሪ፣ ከገበያ የሚመለስ፣ ከሆስፒታል ጠያቂ፣ የባጃጃቸውን ሞተር ሳያጠፉ ትተው የመጡ ልጆች። የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊዬም ፊት ለፊት ቦታ ይዟል። ለአባቴ ፊት ላይ ወንበር አዘጋጅቼለት ነበር፤ እምቢ አለ። "ብርድ ነው" ብሎ ከሜዳው ጫፍ የቆመው ፒካፕ ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ከላዩ ቡልኮውን ደርቦ ነበር።

ሙዚቃ አልነበረም። ይህ መጀመሪያ ሰውን አናደደው። "ጀነሬተሩ ተበላሸ እንዴ?" የሚል ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ግራጫዎቹ ገቡ፣ ያለ ጋሪ፣ ያለ ቆዳ መጋረጃ። ባለጋሪው ከጎኔ፣ "እዩዋቸው፣ አለቆች መስለዋል" አለ። ተወዛዋዦቹ አመድማ ልብስ ለብሰው በመሃላቸው ይሄዳሉ፤ አንዱ ይወድቃል፣ ፈረሱ ዞሮት ያልፋል፣ የወደቀው በፈረሱ ጥላ ውስጥ ተንከባልሎ ይነሳል። ሰው ቀስ በቀስ ዝም አለ። የፈረስ ኮቴና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ሶዶ ሜዳ ላይ እንደዚያ ያለ ዝምታ ከጸሎት ውጭ ሰምቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ዳማው ገባ።

ኮርቻ ተጭኗል። በልምምዱ አንድም ቀን ኮርቻ አልነበረም። በኮርቻው ላይ የአባቴ ቡልኮ ተደርጓል፤ ጫፉን አይጥ የበላው፣ እናቴ በቀይ ክር የጠቀመችው ቡልኮ። መቼም ጠባዬን አልተውኩም፣ መጀመሪያ የመጣልኝ፣ ሌቦች፣ የሽማግሌ ልብስ ገፈፉ የሚል ነው። ልጅቷ ከፊቱ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ዳማው ብቻውን፣ ቦቃውን ቀና አድርጎ፣ ሜዳውን መዞር ጀመረ።

እኔ ገና ስለ ቡልኮው እያሰብኩ ሌላው ሰው ቀድሞኝ ገባው። ከገሱባ ቅቤ ይዛ የምትመጣ አንዲት ሴት ከኋላዬ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። የአባቴን ስም ጠራች። ከዚያ ጮኸች። ሌላዋ ተቀበለቻት። በሜዳው ዙሪያ ከኦፋ የመጣ ሰው ሁሉ፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ ፈረሱን እያየ ስሙን መጥራት ጀመረ። አንድ የማላውቀው ሰው ክንዴን ይዞ፣ "እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ። መቼ ነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"አባትህ።"

"አልሞተም፣ መኪና ውስጥ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው ሽማግሌውን ያየሁት።

ከስብሰባው የወጡ የጸሎት ቤት ሰዎች መሃል ነበር፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ። ዳማው በፊቱ አለፈ። ሽማግሌው መጽሐፉን ለጎረቤቱ አስያዘው። ኮቱን አወለቀና መሬት ላይ ጣለው። ካጠገቡ ከቆመ ሰው እጅ ዱላ ነጥቆ ወደ ሜዳው ገባ። ከዳማው ፊት ሮጠ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ዱላውን ወደ ሰማይ እያነሳ የአባቴን የፈረስ ስም ጠራ፤ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ማንም ያልጠራውን። ያ ወፍራም ሰው እንደዚያ ይሮጣል ብሎ የሚያስብ ማንም አልነበረም። ሌሎችም ተከተሉት። ሴትየዋ ሜዳው ዳር ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች፤ ተወዛዋዦቿን ግን አላስቆመችም። እነሱም አላቆሙም። ከአልቃሾቹ መሃል ይሮጣሉ፣ ይመለሳሉ፤ ማን ለደሞዙ ማን ለእንባው እንደሚሮጥ መለየት አቃተኝ።

ልስቅ ነበር። ከዚያ አንድ ሐሳብ ገባኝ። ደረቱ የሚያስለው ሽማግሌ፣ በተዘጋ መኪና፣ በዚያ ፀሐይ፣ ስንት ሰዓት ሙሉ። ቡልኮውን ማን ሰጣቸው? ከሞተ ሰው ላይ ወስደውት ቢሆንስ? ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆንስ? ዕድሜዬን በሙሉ የሰማሁትን ሁሉ በግማሽ ዋጋ ነው የምቀበለው፤ ያን ለቅሶ ግን ሙሉውን አመንኩት። ሰው እየገፋሁ ሮጥኩ።

በሩን በረገድኩት። አባቴ መቀመጫው ላይ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ፣ ሁለት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ጭኖ፣ በመስታወቱ ያያል። ጉንጩ ርሷል።

"አባቴ!"

"ዞር በል!" አለኝ። "ከለልከኝ!"

ዞር አልኩለት። ጎማው ሥር ተቀመጥኩ።

ሲያልቅ ሽማግሌው ላቡን እየጠረገ ወደ መኪናው መጣ፤ ለእኔ ማጽናኛ ሊናገር ነበር። ጎንበስ ብሎ በተከፈተው በር ሲያይ አባቴ አየው።

"አለህ?" አለ ሽማግሌው።

"አለሁ።"

"ሞተሃል ብለውኝ ነው።"

"ማን አለህ? ማንም ምንም አላለህም። ፈረስ አየህ።"

"አታለልከኝ።"

"እኔ የከተማ ጭፈራ ለማየት ነው የመጣሁት" አለ አባቴ። "ልጄን ጠይቀው። ኮንቴምፖራሪ ነው አሉ።"

ሽማግሌው እኔን አየኝ። እኔ ጎማውን አየሁ።

"አልሮጥም ብዬህ ነበር" አለ።

"ብለኸኛል።"

"ሰው አይቶኛል?"

"የሰውን እንጃ። እኔ አይቼሃለሁ።"

ሽማግሌው ዱላውን መኪናው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ከአባቴ ጎን ገባና ተቀመጠ። በአንድ ሰው መቀመጫ ሁለት ሽማግሌ፣ በመሃላቸው ምንም ክፍተት የለም። "እንግዲህ ስትሞት እንዳትጠብቀኝ" አለው። "ድጋሚማ አልጠብቅም፣ ጉልበትህንም አይቼዋለሁ" አለ አባቴ። ኮቱን ሰው አምጥቶ በበሩ አቀበለው።

ኋላ ላይ ሴትየዋን ያዝኳት። ለካ አባቴ ሁሉን ነግሯት ኖሯል፤ አዟዙሩን፣ ቡልኮውን፣ ቅዳሜን። ያልነገራት ሰው እንደሚያለቅስ ነው። እሷ ፈረሱ የባለቤቱን ትዝታ ይዞ ይዞራል ብላ ነበር ያሰበችው። "ለምን አልነገሩኝም?" ብላ ጠየቀችኝ። ዛፍ ሥር ተቀምጬ እሷን ስጠብቅ፣ በጎኔ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው አባቴ ከሁላችንም የበለጠ ነጋዴ ነበር።

የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ እስኪመሽ አልታገሠም።

"ያ ሁሉ ዱላ የያዘ ሰው የሮጠው ሰልፍ ነው እንዴ?"

"ለቅሶ ነው።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ምን ተለቀሰ?"

"ኮንቴምፖራሪ ነው" አልኩት። ያቺ ቃል በጣም ጠቀመችን።

አባቴ የሞተው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ነው። በመዝሙር ቀበርነው፤ እሱም አስቀድሞ፣ "ጸሎት ቤቱ እንዳለ ይሁን፣ ከእኔ የቀረ ዕዳ የለም" ብሎን ነበር። ዳማው አልተጫነም። ከእንሰቱ አጠገብ ታስሮ ቆሟል። ሽማግሌው ጸለየ፣ ከመጽሐፉ አነበበ፣ ቃሉን አክብሮ አልሮጠም። መዝሙሩ ሲጀመር ግን ከሰው መሃል ወጥቶ ወደ ዳማው ሄደ፤ እስኪያልቅ ድረስ የገመዱን ጫፍ ይዞ ከጎኑ ቆመ።

እኔ መቼም ዓይኔ አይተኛም። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲዘምር እኔ እግሩን አየሁ። የእሁድ ቆዳ ጫማውን አላደረገም። ከሙሉ ልብሱ ሥር ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥሮታል።

ሲያልቅ ጠጋ ብዬ፣ "አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካዎት፣ በሸራ ጫማ?" አልኩት።

እግሩን አየ፣ ዳማውን አየ።

"መንገዱ ጭቃ ነው ብዬ ነው" አለኝ።

ሦስት ወር ዝናብ አልጣለም ነበር።